ያ ጠባሳ

የልጅህን ነገር ሳነሳብህ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብለህ ቡናህን ሳትጨርስ ተነስተህ ሄድክ። ተረቱን እኔም አውቀዋለሁ። ግን ወንድሜ፣ በዚህ በሎስ አንጀለስ መከራ ሲመክር በጥይት ነው።

ስለ ሉዊስ ሮድሪገዝ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤል ፓሶ ተወልዶ እዚህ ከተማ ያደገ የሜክሲካውያን ልጅ ነው። በ11 ዓመቱ ጋንግ ገባ፤ ሰረቀ፣ ዕፅ ወሰደ፣ ታሰረ። ወላጆቹ ቢመራቸው ከቤት አስወጡትና ጋራዥ ውስጥ ማደር ጀመረ። በ18 ዓመቱ 25 ጓደኞቹን አጥቶ ነበር፤ ጥይት የበላው አለ፣ ዕፅ የጨረሰው አለ፣ ራሱን ያጠፋም አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ እሱ ግን ምሳር ያላነሱበት ጥቂት ሰዎች ገጠሙት። ግድግዳ ላይ ሥዕል ሳለ፣ አነበበ፣ ከመንገዱ ወጣ። ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሠራ፤ በኋላም ጋዜጠኛና ገጣሚ ሆነ።

አሁን ልብ በል። ይህን ሁሉ አልፎ ቺካጎ ሲኖር፣ የገዛ ልጁ በ15 ዓመቱ ጋንግ ገባበት። አባትየው የራሱን ጉድ አንድ ሳይደብቅ ጻፈው፤ መጽሐፉ «ኦልዌይስ ራኒንግ» ይባላል፣ በ1993 ታተመ። ከዚያ የሰፈሩን ወጣቶች እየሰበሰበ ያዳምጥ ጀመር። ልጁ ዳነ ወይ? አልዋሽህም፣ ወዲያው አልዳነም፤ ብዙ ዓመት ታሰረ። አባትየው ግን አልጣለውም። በኋላ ወደዚህ ወደ ሎስ አንጀለስ ተመልሶ፣ ሲልማር ላይ ከሚስቱ ጋር በአክስቱ ስም የመጻሕፍትና የባህል ቤት ከፈተ፤ በ2014 ደግሞ ከተማዋ ባለቅኔዬ ብላ ሾመችው። እስር ቤት እየገባም እስረኞችን ሲያስጽፍ ኖሯል።

እኛስ? ያልተነካ ግልግል ያውቃል እንዳንባል፣ ተነክተናል። አገር ቤት፣ አውቶብስ ተራ ኪስ ስታወልቅ፣ ታላቅህ ሆኜ ልገስጽህ ሲገባኝ ዘብ እቆምልህ የነበርኩት እኔ ነኝ። (እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ድርሻዬንም እቀበል ነበር።) ልጅህ ግን አባቱ ከደጀ ሰላም ያልራቀ ዲያቆን ይመስለዋል። «እኔ በአንተ ዕድሜ» ብለህ በጀመርክ ቁጥር ፊቱን የሚያዞረው ለምን ይመስልሃል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ቅዳሜ ይዘኸው ና፤ ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ክንድህ ላይ ያለውን ጠባሳ «ከብስክሌት ወድቄ ነው» ብለኸው አልነበር? እጅጌህን ሰብስብና ከዚያ ጀምርለት። ስትረሳ እኔ አስታውስሃለሁ።