ቀላል ሕመም ስለሚሰጠው ፈቃድ

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው፤ ለሰውነታችን ኀይልን ሰጥቶ ለኀይላችንም ልክን ላደረገለት። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

አንተ አንባቢ ወንድሜ ሆይ፥ በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ ታላላቆቹ ደዌዎች አልነግርህም። ነገሬ ሰውን ሁለትና ሦስት ቀን ከሥራው ስለሚያዘገየው ስለ ጉንፋን፥ ስለ ራስ ምታትና ስለ ቀላል ትኩሳት ነው። ታላቁን ደዌ ሰው ይፈራዋልና ሳይወድ ይታዘዝለታል። ትንሹን ግን ይንቀዋል፤ ሲንቀውም በውስጡ የተሰጠውን ፈቃድ አብሮ ይጥለዋል።

ነገሩን በዐይንህ ታየው ዘንድ በማለዳ ወደ ሐዋሳ፥ አሞራ ገደል ወደሚባለው የሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ በሐሳብህ ውረድ። መረቡ ማታ ተጥሎ ያድራል፥ ሊነጋ ሲልም ይሳባል። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ የንጋቱ ንፋስ ብርድ አለበት። ጀልባው ዳር ሲደርስ አንዱ ቆሮሶውን ከመረቡ ያላቅቃል፥ ሌላው አምባዛውን ይሸከማል፥ ልጆችም ቅርፊቱን ፍቀው የሆድ ዕቃውን ይጥላሉ፤ አባ ኮዳ የተባለው ራሰ በራ ወፍ በዙሪያቸው ቆሞ ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ መካከል ዐይኑ የቀላ፥ ጉሮሮው የተዘጋ፥ እጁም የሚንቀጠቀጥ አንድ ሰው አግኝተህ «ምነው ባረፍህ?» ብትለው፥ የሚመልስልህን አስቀድመህ ታውቀዋለህ። «እኔ ቤት ከዋልሁ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» ይልሃል።

ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም፤ ወደ ፊትም እመለስበታለሁ። ነገር ግን አስቀድመን ጌታችን ከታመመ ሰው ምን እንደሚፈልግ እንመልከት። የረመዳን ጾም ግዴታ በተደረገበት በዚያው ትእዛዝ ውስጥ የታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲከፍል ተፈቅዶለታል። ዒምራን ኢብን ሑሰይን ኪንታሮት ይዟቸው ስለ ሰላታቸው በጠየቁ ጊዜም ነቢዩ ቆመው እንዲሰግዱ፥ ካልቻሉ ተቀምጠው፥ ያም ካልሆነ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ አስተማሯቸው። እንግዲህ የሃይማኖት ዐምድ የሆነው ሰላት ለሕመም ቦታ ከለቀቀ፥ የዓሣ መረብ፥ የሱቅ መዝጊያና የመሥሪያ ቤት ወረቀት ለምን አይለቁም? ደግሞም በጤናው ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ በሕመሙ ጊዜ እንደሚጻፍለት ነቢዩ ለታመመው ሰው አብሥረዋል። ፈቃድን አልቀበልም ማለት ለብዙዎች የብርታት ምልክት ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ትዕቢት ሆኖ አየዋለሁ።

ኡሙ አል-ሙንዚር የተባሉት የመዲና ሴት የነገሩንን ታሪክ በዚህ ላይ ጨምርበት። ነቢዩ ከዐሊይ ጋር ወደ ቤታቸው ገቡ። ዐሊይ ከሕመም ገና ማገገማቸው ነበር። በቤቱ የተምር ዘለላ ተሰቅሎ ነበርና ነቢዩ ከርሱ በሉ፤ ዐሊይም ሊበሉ ተነሡ። ነቢዩ ግን ገና ያገገሙ መሆናቸውን አስታውሰው እስኪተዉት ድረስ ከለከሏቸው። በኋላ ሴትዮዋ ገብስና ቆስጣ አብስለው ባቀረቡ ጊዜ፥ ይህ የሚስማማቸው ነውና ከዚህ እንዲበሉ ነገሯቸው።

ወንድሜ ሆይ፥ በዚህች ታሪክ ላይ ዘግየት በል። ዐሊይ ያን ጊዜ አልጋ ላይ አልነበሩም፤ በእግራቸው ሄደው መጥተዋል። ሕመሙ ካለፈ በኋላ እንኳ ዝግ የሚባልበት ወራት አለ ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ከምንም ይልቅ የምንነፍገው ይህን ወራት ነው። ትኩሳቱ ማታ ቢለቀን ጧት ከጀልባው ላይ ነን። ይልቁንም ሴትዮዋን ተመልከት። ክልከላው ብቻውን ዐሊይን አያጠግባቸውም ነበር። ተነሥታ እሳት ያነደደች፥ ገብሱን ያበሰለች ሰው ስለ ነበረች ነው ዕረፍቱ የተቻለው። በአገራችንም ለታመመ ሰው የገብስ አጥሚት የሚያማስል እጅ ከሌለ «ዕረፍ» የሚለው ምክር ባዶ ድምፅ ነው።

የዘመኑ ሊቃውንትም ከዚህ የራቀ ነገር አልተናገሩም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1988 ቤንጃሚን ሃርት የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም፥ የታመመ እንስሳ መተኛቱና ምግብ መተዉ የድካም ብቻ ሳይሆን ሰውነቱ ሕመሙን የሚዋጋበት ሥርዓት መሆኑን ጽፏል። ትኩሳት በአንድ ዲግሪ ከፍ ሲል ሰውነት የሚፈጀው ኀይል 10 በመቶ ያህል ይጨምራልና፥ ያን ኀይል መረብ በመሳብ የሚያባክን ሰው ከገዛ ሰውነቱ ጋር ይሻማል።

ዕረፍት ማለት ግን ችላ ማለት አይደለም። ሐዋሳና አካባቢዋ ወባ ያለበት አገር ነውና ትኩሳት የያዘው ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ከመደምደሙ በፊት ደሙን ያስመርምር። ጉንፋን መሆኑ ከታወቀም በቫይረስ የሚመጣ ስለ ሆነ ባክቴሪያ የሚገድሉት መድኃኒቶች አይጠቅሙትም፤ በእነርሱ ፈንታ ገንዘቡን ለማርና ለሎሚ ያድርገው።

አሁን ወደ ዓሣ አጥማጁ መልስ እንመለስ። አባ ኮዳ በሐይቁ ዳር ለብዙ ሰዓት ሳይነቃነቅ ቢቆም፥ የዓሣው ትርፍራፊ ከሰዎች እጅ ስለሚወድቅለት ነው። ሰውም እንደዚሁ ነው፤ የሚያርፈው ሌላው ሲሠራለት ነው። ስለዚህ ንግግሬ ከታመመው ይልቅ በአንድ ጀልባ አብረውት ለሚወጡት ነው። የሦስት ቀን ድርሻውን ብታወጡለት በጥቂት ዓሣ ትጐዳላችሁ፤ ነገ ግን የእናንተም ተራ ይመጣል። የታመመን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለው መብት ነው፤ እጁ ላይ ዓሣ ይዞ የሚጠይቅ ጠያቂ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በቤትህ ያለችውንም አትርሳ፤ ባሏ ሲያስነጥስ አጥሚት የምታማስል ሴት ራሷ ስትታመም ምጣዱን ማን ይረከባት ይሆን?

ፈቃዱን ከተቀበልህ፥ በጤናህ ያላገኘኸው አንድ ነገር ታገኛለህ። ገና ሳይነጋ ወጥተህ ልጆችህ ትምህርት ቤት ሳሉ የምትመለስ፥ ማታም ለመረብ የምትወርድ አንተ፥ ትንሹ ልጅህ ፊደል ሲያነብ የትኛው ላይ እንደሚሰናከል ትሰማለህ። ወገብህ ስለሚያምህ ከሩኩዕ በዝግታ ቀና ትላለህ፤ ስትሮጥ የምትውጣቸውን ቃሎችም አንድ በአንድ ትላቸዋለህ። ይህ ቀርቶብህ እንደ ነበር ያወቅኸው አሁን ነው።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቅቆህ ወደ ሐይቁ ስትወርድ በመረብ መሳብ አትጀምር። ፀሐይ እስክትሞቅ ቈይተህ ሂድ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥ፥ የተቀደደውንም መረብ ጠግን፤ ጀልባዋን ሌሎቹ ይግፏት።