ተመልካችና ሸማች

አንድ ቤት ለተሠራበት ተግባር ታማኝ ሆኖ የመኖር ግዴታ አለበትን? ድንጋይና ሲሚንቶ ግዴታ የላቸውም ብሎ ጥያቄውን በአጭሩ መዝጋት ይቻላል። ሆኖም ሰዎች አንድ ወፍጮ ቤት ተዘግቶ ጨርቅ መሸጫ ሲሆን አይተው ዝም ሲሉ፣ አንድ ሲኒማ ቤት ተዘግቶ ጨርቅ መሸጫ ሲሆን ግን ቅር ይሰኛሉ። ወፍጮው ሌላ ቦታ ይተከላል፤ እህሉም እንደ ወትሮው ይፈጫል። ከሲኒማ ቤቱ ጋር ግን አንድ የማይተካ ነገር እንደ ተወሰደባቸው ይሰማቸዋል። ይህ ቅሬታ ከምን እንደሚመነጭ፣ ፍትሐዊነቱም እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ነው፤ ናፍቆት ብቻውን ክርክር አይሆንምና።

ነገሩን በደፈናው ከማንሣት በአንድ እውነተኛ ቤት ላይ ማየት ይሻላል። ቤቱ የሚገኘው በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ፣ ሳንታ ፌ በሚባለው ሰፊ ጎዳና ላይ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግራንድ ስፕሌንዲድ የተባለው ይህ ሕንፃ በ1919 በትያትር ቤትነት ተከፈተ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ዓመት ስላልሞላው፣ ሠዓሊው ናዛሬኖ ኦርላንዲ በክቡ ጣሪያ ላይ ሰላምን የሚያወድስ ሥዕል ሠራ። ሰገነቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው አዳራሹን ከበቡት፤ ከግድግዳው ጋር የተያያዙ ትንንሽ የተመልካች ክፍሎችም ወደ መድረኩ ፊታቸውን አዙረው ተሰለፉ።

ቤቱን ያሠራው ማክስ ግሉክስማን ግን የኪነ ጥበብ ባሕታዊ አልነበረም። በልጅነቱ ከኦስትሪያ ሀንጋሪ ግዛት ወደ አርጀንቲና የተሰደደ፣ በፊልምና በሸክላ ንግድ የከበረ ሰው ነበር። ዝነኛው የታንጎ ዘፋኝ ካርሎስ ጋርዴል ሸክላ ያስቀረፀው ለዚሁ ሰው ድርጅት ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ሙሾ ይፈርሳል። «ንግድ ገብቶ ኪነ ጥበብን ከቤቷ አባረራት» የሚለውን አባባል ብዙዎቻችን ሳናላምጥ እንውጠዋለን። ይህን ቤት ግን ከመሠረቱ ያቆመው ንግድ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው የሰላም ሥዕል ሳይቀር የተከፈለው ከሸክላና ከፊልም ትርፍ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሁለተኛም ነገር አለ። በ1929 ቤቱ ከትያትር ወደ ሲኒማ ተለወጠ፤ ድምፅ ያለው ፊልም በአርጀንቲና በመጀመሪያ ከታየባቸው ቤቶች ቀዳሚው ለመሆንም በቃ። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ፣ ድምፅ አልባውን ፊልም በየአዳራሹ በሙዚቃ ያጅቡ የነበሩ የታንጎ ተጫዋቾች እንጀራቸውን አጡ። እኛ ተውኔት ጸሐፊዎችም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለሲኒማ ቤት ለማልቀስ የመጀመሪያዎቹ ተሰላፊዎች መሆን አይገባንም፤ በስንት ከተማ መድረካችንን የወረሰው እርሱ ነውና! ስለዚህ ዛሬ የሚለቀስለት ሲኒማ ቤት ራሱ ትናንት ሌላውን አስለቅሶ የገባ ነው። ለሟቹ ከማዘን በፊት ሟቹ በማን ቤት ይኖር እንደ ነበረ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በ2000 ቤቱ የመጻሕፍት መደብር ሆነ። ወንበሮቹ ተነቅለው ወጡ፤ በቦታቸው የመጻሕፍት መደርደሪያዎች ተተከሉ። ሥዕሉ፣ ሰገነቶቹና ደማቅ ቀዩ መጋረጃ ግን እንዳሉ ናቸው። መድረኩ ቡና ቤት ሆኗል። ትንንሾቹ የተመልካች ክፍሎች ለማንበቢያ ተሰጥተዋል፤ ጎብኚው መጽሐፍ ይዞ ገብቶ ይቀመጥባቸዋል። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ይጎበኘዋል፤ ናሽናል ጂኦግራፊክ በ2019 ከዓለም የመጻሕፍት መደብሮች ሁሉ ውቡ ብሎታል። እንግዲህ ቤቱ ዳነ ማለት ነውን?

አዎን የሚሉት ወገኖች ሚዛን የሚደፋ ነገር በእጃቸው አለ። ሲኒማ ቤት በር ላይ ቲኬት ይጠየቃል፤ መደብሩ በር ላይ አይጠየቅም። አንድ ተማሪ ሳንቲም ሳይከፍል ገብቶ፣ ቀድሞ ባለጸጋ ይቀመጥበት በነበረው ክፍል ተቀምጦ ሊያነብ ይችላል። በትያትሩ ዘመን የመደብ ልዩነት በመቀመጫ ዋጋ ይለካ ነበር፤ ከፍ ያለ ዋጋ የከፈለ ክፍሉን ያገኛል፤ ያልቻለ ወደ ላይኛው ሰገነት ይወጣል። ያ ግድግዳ ዛሬ ፈርሷል። ከዕቃ ሁሉ ደግሞ መጽሐፍ መሸጡ ሌላ ነገር ከመሸጡ የተሻለ ነው፤ ይህን የሚክድ አንባቢ ይህን መጽሔት ባልያዘ ነበር።

ነገር ግን የጠፋው ነገር የመግቢያ ዋጋ አይደለም። ሲኒማ ቤት ማለት በቀጠሮ ሰዓት፣ በጨለማ፣ ከማያውቁት ሰው ጎን ተቀምጦ ወደ አንድ አቅጣጫ ማየት ነው። የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሲጠራው ስድቡ ለማሽኑ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን አሁን ግን ለጨለማው ጉባኤም ጭምር ይመስለኛል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ሰው የሚስቀው ጎረቤቱ ስለ ሳቀ ነው፤ የሚያለቅሰውም ማንም እንደማያየው ስለሚያውቅ ነው፤ ያልወደደውን ትዕይንት ገልብጦ ሊያልፈው አይችልም። የማያውቀው ሰው ደስታ ለጊዜው የእርሱም ይሆናል። መደብር ውስጥ ግን እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ይሄዳል፤ አንዱ ወደ ታሪክ፣ አንዱ ወደ ምግብ አሠራር። ሁለት ሰዎች በአንድ መደርደሪያ ፊት ቢገናኙ «ይቅርታ» ተባብለው ይተላለፋሉ። ተመልካች የብዙ ቁጥር ነው፤ ሸማች ነጠላ ነው። በግራንድ ስፕሌንዲድ መድረክ ላይ ቡና የሚጠጣ ሰው ወንበሩን ወደ አዳራሹ ቢያዞር፣ ተዋናዩ ቆሞ ያይበት ከነበረው ቦታ ያያል፤ የሚያየው ግን የሰው ፊት ሳይሆን የመጻሕፍት ጀርባ ነው።

«ተመልካቹ ራሱ ቀድሞ ትቶት ሄዷል፤ ነጋዴው የገባው ባዶ ቤት ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። በብዙ ቦታ ይህ እውነት ነው። በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ መኻል ሚሺጋን ትያትር የተባለ ከአራት ሺህ በላይ መቀመጫዎች የነበሩት የፊልም ቤተ መንግሥት በ1926 ተከፍቶ ነበር። ሕዝቡ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ፈለሰ፤ ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ፤ ቤቱ በ1976 ተዘጋ። ሊያፈርሱት ሲያስቡ ግን አዳራሹ ከተያያዘው የቢሮ ሕንፃ ጋር አብሮ የቆመ በመሆኑ፣ ቢፈርስ የቢሮውን ሕንፃ የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሆዱን ብቻ ባዶ አድርገው የመኪና ማቆሚያ አደረጉት። ዛሬም መኪናዎቹ የሚቆሙት በተላላጠውና በተቀረጸው ጣሪያ ሥር ነው። ይህ ቦታ ደግሞ ሄንሪ ፎርድ የመጀመሪያ መኪናውን በ1896 የሠራባት ትንሽ ዎርክሾፕ የነበረችበት ነው። መኪና የተወለደበትን ስፍራ መልሶ ያዘ ብንል ታሪክ ራሱ ቀልደኛ ይሆንብናል። እኔን ግን ከቀልዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ አተራረፉ ነው፤ ጣሪያው የተረፈው ማንም ስላዘነለት ሳይሆን ማፍረሱ ስላልተመቸ ነው። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የቦነስ አይረሱ ነጋዴ ቢያንስ ጣሪያውን አይቶታል፤ መብራትም አብርቶለታል።

ታዲያ ተመልካቹ ምን መብት አለው? የባለቤትነት መብት እንደሌለው ግልጽ ነው፤ የከፈለው ለአንድ ምሽት ነው። የእርሱን ይዞታ የሚመስለው በሰው እርሻ ውስጥ የበቀለ ዋርካ ነው። መሬቱ የገበሬው ነው፤ ጥላው ግን የሰፈሩ ነው። ሽማግሌዎች ነገር ያዩበታል፤ ዕድርተኛው ይመክርበታል። ገበሬው ዋርካውን ቆርጦ ከሰል ቢያከስለው የጣሰው ሕግ ላይኖር ይችላል፤ ሰፈሩ ግን ተበድሏል፤ በደሉም ከዛፉ ዋጋ ጋር አይተካከልም። ጥላው የተሠራው በዛፉ ብቻ አልነበረምና፤ በተቀመጡበትም ሰዎች ጭምር ነው። አንድ አዳራሽ «የትያትር ቤት» የሚሆነውም በባለሀብቱ ገንዘብ ግማሽ፣ በገባበት ሕዝብ ግማሽ ነው። ግማሹን ያዋጣ ሰው ሽያጩን ሊያስቀር ባይችልም ሳይጠየቅ ሊታለፍ አይገባውም።

የቤት ተግባር መለወጥ በራሱ ክፉ እንዳልሆነ ከሩቅ ሳንሄድ ማየት እንችላለን። የብሔራዊ ትያትራችን ሕንፃ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ሲኒማ ማርኮኒ ተብሎ የተጀመረ ነው፤ በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ተብሎ ተመረቀ። ወራሪው ለራሱ መዝናኛ ያቆመው ግድግዳ የአማርኛ ተውኔት መናገሪያ ሆነ፤ ለመጀመሪያው ዓላማው ታማኝ አለመሆኑን የሚያዝንለት ያለ አይመስለኝም። እዚያ የተለወጠው ቋንቋው፣ ባለቤቱና ስሙ ነው፤ ሰዎች በቀጠሮ ተሰብስበው ወደ አንድ አቅጣጫ ማየታቸው ግን አልተለወጠም። ግራንድ ስፕሌንዲድ ግን ግድግዳውን፣ መጋረጃውንና ስሙን ጠብቆ ይህን አንድ ነገር ለቀቀ።

ስለዚህ ለመደብሩ የማቀርበው ሙግት ቤቱን መልሱ የሚል አይደለም፤ ሲኒማ ቤቱ ዳግም ቢከፈት ኪራዩን ሊችል ላይችል ይችላል። የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ የሚሰጥ ከተማ ሁሉ ግን ከፈቃዱ ጋር አንድ ግዴታ ቢያያይዝ አግባብ ነው እላለሁ፤ በሳምንት አንድ ምሽት ሽያጩ ይቁም፤ መሬት ላይ ወንበር ይዘርጋ፤ ፊልምም ይሁን ተውኔት ወይም ግጥም ንባብ፣ ሕዝቡ ፊቱን ወደ መድረኩ አዙሮ ይቀመጥ። ነጋዴው መደርደሪያዎቹ ከወለሉ ጋር ተያይዘዋል ብሎ ይመልስ ይሆናል። እንግዲያው መንኮራኩር ይደረግላቸው፤ አንድ ሺህ ወንበር መንቀል የቻለ እጅ ይህ አይከብደውም።