የጣራው መከታና የልጆቻችን ጤና



በኤሉል ወር፣ ብርሃን ሠረቀ (ሮሽ ሃሻና) ከመድረሱ በፊት፣ በምኩራብ «ኪ ቴጼ» የተባለው የኦሪት ክፍል ይነበባል። በውስጡ ካሉት ትእዛዛት አንዱ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል። በጎንደር ጎጆአችን የሣር ክዳን ስለ ነበረ ነገሩ እንግዳ ሊመስለን ይችላል። በጥንት ዘመን በእስራኤል ምድር ግን ጣራው ጠፍጣፋ ነበር፤ ሰው ይወጣበት ነበር። መከታ ባለመኖሩ ሰው ቢወድቅ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው።

ልብ እንበል፤ መከታው የሚሠራው ሰው ከመውደቁ በፊት ነው።

ስለ ካንሰር ሲነሣ ብዙዎቻችን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። ዕድሜያችን በእርሱ እጅ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን መከታ ሥሩ ብሎ ያዘዘንም እርሱ ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከካንሰር ሕመሞች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑትን መከላከል ይቻላል።

ዋናው ጠላት ትምባሆ ነው። በ1950 እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ሲጋራ ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለውን ግንኙነት አሳዩ። በብሪታንያ ብዙ ወንዶች ማጨስ ሲተዉ በዚህ በሽታ የሚሞቱት ቀነሱ፤ ፍሬው የታየው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ የምንሠራው መከታ የሚጠብቀው የነገዎቹን ነው። ወጣቶቻችን የሚያጨሱት ናርጊላም ያው ትምባሆ ነው፤ ውኃው መርዙን አያጠራውም።

ምግባችንንም እናስብ። በአገር ቤት ሽሮ፣ ምስርና ጎመን እንበላ ነበር፤ ገበያም በእግር እንሄድ ነበር። እዚህ መቀመጥና ጣፋጭ መጠጥ በዛ፤ ልጆቻችንም ናክኒክ ለመዱ። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እንዲህ ያለ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋል። ውፍረትና የአልኮል መጠጥም አደጋውን ይጨምራሉ።

የታመመውን ግን «በራስህ ያመጣኸው ነው» አንበለው። መከታ ሠርተውም የሚታመሙ አሉ፤ ሕመምተኛን መጠየቅ ሚጽቫ ነው።

እንግዲህ በኤሉል ስንመለስ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ድንጋይ ያኑር፦ አባት ሲጋራውን ይተው፣ እናት የሽሮውን ወጥ ለልጆችዋ ታስተምር፣ አያት ከልጅ ልጁ ጋር በእግር ይሂድ። ቤታችን የሚጠበቀው እንዲህ ነው።

ሻና ቶቫ፣ ከዓመት ዓመት በጤና ያድርሰን!