መቅደላ ላይ የሚነሳ ጥያቄ

ከመካነ ሰላም ተነስታችሁ መቅደላ ብትወጡ ሴባስቶፖልን አምባው ላይ ታገኙታላችሁ። ጋፋት የተሠራው ይህ መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ከወደቁ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘርፎ አቃጠለው። ብራናውን፣ ዘውዱን፣ ታቦቱን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ሄደ። መድፉ ግን እዚያው ቀረ።

እዚያ ቆሞ «ቅርሳችን ይመለስ!» ማለት ቀላል ነው፤ ልክም ነው። ግን ለማን ይመለስ? ከብራናዎቹ ብዙዎቹ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ነበሩ። ወስደው ለመቅደላ መድኃኔዓለም የሰበሰቧቸው ራሳቸው ንጉሡ ናቸው። ታዲያ ባለቤቱ ማነው? ጎንደር? መቅደላ? ወይስ አዲስ አበባ ያለ ሙዚየም?

«ይሄማ ለእንግሊዞች ሰበብ መስጠት ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ባለቤቶች ስለተከራከሩ የተዘረፈ ዕቃ ለዘራፊው አይጸናለትም። ነገር ግን ከለንደን ፍትሕ የምንጠይቅ ከሆነ የጎንደርንም አቤቱታ መስማት አለብን። አምባው ላይ የሚኖረውንም ገበሬ እንዲሁ፤ ስለ ቅርሱ ስንከራከር «አንተስ ምን ትላለህ?» ልንለው ይገባል።