የእናት አፍ በመድረክ ላይ

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼ አንድ የሙከራ ቴአትር አዘጋጅተው ነበር። መጋረጃ የለ፣ አልባሳት የለ፣ ታሪክ የሚባል ነገርም የለ። እያንዳንዱ ተማሪ ከገጠር አስተዳደጉ የሚያስታውሰውን ተራ የቤት ንግግር ይዞ ይመጣና እንዳለ ይናገራል፤ በቃ።

አንዲት ልጅ ባዶው መድረክ ላይ ቆማ የእናቷን የማለዳ ቃል ደገመች፦ «ተነሽ እንጂ፣ ጎህ ቀደደ! ጥጃው ጠብቶ ጨረሰው እኮ!» አዳራሹ በሳቅ አውካካ። የተደሰተች መስሎኝ ነበር። ማታ ግን መጥታ፣ «ጋሼ፣ እናቴን መሳቂያ አደረግኋት እንዴ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እኔም የራሴ ዕዳ ነበረብኝና።

ተማሪ ሳለሁ እናቴ ከገጠር ልትጠይቀኝ መጣች። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ጓደኛዬን ጨብጣ፣ «ከብቱ ደኅና? አዝመራውስ?» ብትለው፣ እኔ ሆዬ ቸኩዬ «ቤተሰቦችህ ደኅና ናቸው ወይ ማለቷ ነው» አልኩት። አማርኛን ወደ አማርኛ ተረጎምኩ! ልጁ እኮ ገብቶታል። እናቴም ገብቷታል፤ እስክትሄድ ድረስ ሰው ፊት ብዙ አልተናገረችም።

ታዲያ ማናችን አጠፋን? እኔ የእናቴን ቃል ደበቅሁ፤ ልጅቷ አደባባይ አወጣችው። ሳቁ የእሷ ጥፋት አይደለም። ባላገር አፉን በከፈተ ቁጥር እንድንስቅ ያለማመዱን ስንትና ስንት ቀልዶች አሉ። ይሁን እንጂ ጥያቄዋ ከንቱ አልነበረም። ያ ቃል ለልጅ የተነገረ እንጂ ለአዳራሽ የተነገረ አይደለም። ባለቤቲቱም አልተጠየቀችም።

ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ሲያሳትሙት፣ ርእሱ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ነበር። ጽሑፉን ያሰናዳው ልጅ ነው፤ ትዝታው ግን የአባት መሆኑ ከሽፋኑ ጀምሮ ታውቋል። ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል።

የሙከራ ቴአትር የድሮውን ቅርጽ ቢሰብር እሰየው። የሰው ትዝታ ሲነካ ግን ሌላ ሚዛን ያስፈልገዋል፦ ባለቃሏ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ብትሰማ፣ ሳንሳቀቅ እንዲያው እንናገረው ነበር ወይ?

ልጅቷን ዛሬ ባገኛት፣ «አላዋረድሻትም፤ ግን ሂጂና ጠይቂያት፤ ከፈቀደችም ጥሪያት» እላት ነበር። እኔ የራሴን እናት ሳልጠይቃት ጊዜው አለፈ።