ከሥራ በፊት የሚሰጥ ምስጋና

በጣና ዳር ደንገል ቆርጦ ታንኳ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይኸውም ታንኳይቱን ከሥር ደግፎ የሚያንሳፍፋት ውኃ፥ ያው ራሱ በደንገሉ ውስጥ ቀስ በቀስ እየገባ የሚያከብዳት መሆኑን ነው። ስለዚህ ከጉዞው ሲመለስ በውኃ ላይ አይተዋትም፤ ወደ ዳር አውጥቶ በፀሐይ ያደርቃታል እንጂ። የሰው ምስጋናም እንዲሁ ነው። ከቶ ያልተመሰገነ ሰው ለመነሣት ይቸግረዋል፤ ያለ ልክ የተመሰገነም በምስጋናው ርሶ ይከብዳል። እንግዲህ የሚጠየቀው ነገር ይህ ነው፤ ሥራው ሳይታይ አስቀድሞ የተመሰገነ ሰው በመጀመሪያው መንገድ ቢሰናከል፥ ዕዳው የማን ነው? የተመስጋኙ ነውን ወይስ የአመስጋኙ?

ለዚህ ነገር ምስክር የምትሆን ከአርሲ በቆጂ የተገኘችው ገንዘቤ ዲባባ ናት። እኅቶቿ እጅጋየሁና ጥሩነሽ በኦሊምፒክ አደባባይ ስማቸው የተጠራ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ የታናሺቱን ድል ገና በልጅነቷ ቈጥሮ ጨረሰው። እርስዋም በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. በወጣቶች የዓለም አገር አቋራጭ ሩጫ ተከታትላ አንደኛ በመውጣቷ ተስፋው እጥፍ ሆነ። ነገር ግን ከታላላቆቹ ጋር በተሰለፈች ጊዜ፥ በ2001 ዓ.ም. በበርሊን፥ በ2003 ዓ.ም. በዴጉ፥ በ5000 ሜትር ስምንተኛ ወጣች። በ2004 ዓ.ም. በኢስታንቡል በቤት ውስጥ ውድድር ወርቅ ብታገኝም፥ በዚያው ዓመት በለንደን ኦሊምፒክ ተጎድታ ከማጣሪያው ሳታልፍ ቀረች። በ2005 ዓ.ም. በሞስኮ በ1500 ሜትር ደግሞ ስምንተኛ ሆነች። ከዚህ በኋላ ግን በ2006 ዓ.ም. በ15 ቀን ውስጥ፥ በሦስት ርቀቶች በቤት ውስጥ ከእርስዋ በፊት ሴት ያልሮጠችበትን ፍጥነት ሮጠች፤ በ2007 ዓ.ም. በሞናኮ 22 ዓመት ሊሞላው የቀረበውን የ1500 ሜትር ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በቤይጂንግም የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አገኘች። እግሯ ያው እግር ነበረ፤ የሳተው የሕዝቡ ቀጠሮ ነው እንጂ።

ይህም በአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን በማኅበርም ይታያል። በአሜሪካ አገር የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን በ2016 ዓ.ም. ጨዋታው ሳይጀመር ከአገሩ ቡድኖች ሁሉ ሁለተኛ ተብሎ ተቈጠረ። ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ግጥሚያዎች ግን በሦስቱ ተሸነፈ፤ ከዋና ተጫዋቾቹም አንዷ ጉልበቷን ተጎድታ የዓመቱን ጨዋታ አቋረጠች። የቀሩት ሸክሟን ተካፍለው በመሥራታቸው በዚያው ዓመት ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ለመሆን በቁ፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሳውዝ ካሮላይናን 82 ለ59 ረትተው ዋንጫውን ወሰዱ። የተጎዳችውም ድና ከመካከላቸው ነበረች።

በጎጃም የቅኔ ቤት ይህ ምሥጢር የታወቀ ነው። ወደ ዋሸራ የመጣ ደቀ መዝሙር አባቱ ሊቅ ቢሆን እንኳ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ ስምንት ቤት ያለው መወድስ በመጀመሪያው ቀን አይጠየቅም። ቅኔው ሲበላሽ መምህሩ ያርመዋል፤ የታረመም አልተዋረደም፤ በማግስቱ ሌላ ቈጥሮ ይመጣል።

«ምስጋና ከሌለ ማን ይበረታል?» የሚል ቢኖር እውነት ተናግሯል፤ ታንኳም ያለ ውኃ አትሄድም። ነገር ግን ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት ወደ ባሕር ዳር ለትምህርት የምትሄደውን ልጅ ያስብ። ጎረቤቱ ሁሉ ገና ፈተና ሳትቀመጥ «ሐኪማችን» ብሎ ይሸኛታል። የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤቷ ዝቅ ሲል እናቷ ስልክ በደወለች ቍጥር ድምፅዋ ይለወጣል፤ ለፋሲካም ወደ ቤቷ መግባት ታፍራለች። እርስዋ ከማንም አልተበደረችም፤ አገሩ ግን ያላበደረውን ይጠይቃታል። ከዚህ የተነሣ ትምህርቷን ብትተው፥ የጣላት ፈተናው አይደለም፤ የሽኝቱ ቃል ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው መሰናክል ጊዜ አስቀድሞ ራሱን ሊመረምር የሚገባው አመስጋኙ ነው። ተመስጋኙ ግን ፈጽሞ ነጻ አይደለም፤ የነገውን ድካም ዕዳ አለበት። ሳኦል ለሌላው የተሰጠውን ምስጋና መታገሥ አቅቶት ጠፋ፤ ጴጥሮስ ግን ሦስት ጊዜ ከካደ በኋላ አልቅሶ ተመለሰና በጎቹን ተቀበለ። ሁለቱም ወደቁ፤ የለያቸው መነሣቱ ነው።

እንግዲህ ልጁን የሚሸኝ አባት ከሥራ በፊት የሚሰጠውን ቃል ምስጋና አይበለው፤ ተስፋ ይበለው። ምስጋና ዋጋውን ይጠይቃል፤ ተስፋ ግን ይጠብቃል። ልጂቱም ዝቅ ያለ ውጤቷን ይዛ በመጣች ጊዜ በሩ ክፍት ይሁንላት፤ የራሰ ታንኳ የሚደርቀው ወደ ዳር ሲወጣ ነውና።