ሰርቨሩ ሲወድቅ የሚነቃውን ምረጥ

ልጄ፣ የመሥሪያ ቤትህን ሰርቨሮች ከሩቅ ለማስተዳደር ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚሻል መጠየቅህ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙው ሰው ይህን የሚያነሣው ሥራ ከቆመና አለቃ ከተቆጣ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ጅማ ያለው ሰርቨር መነሣት ይጀምርና አንዱ ፋን አልዞር ብሎት "ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫን" የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አውጥቶ ይቆማል እንበል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ገና ስላልተነሣ ከሩቅ የምትገባበት የተለመደ መንገድ ሁሉ ዝግ ነው። አንዲት ቁልፍ ለመንካት ከአዲስ አበባ ጅማ መኪና ሊላክ ነው። እንግዲህ የምትመርጠውን ዕቃ ሰርቨሩ ጤነኛ በሆነበት ቀን አትመዝነው፤ በወደቀበት ቀን መዝነው።

የመጀመሪያው አማራጭ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚመጣው ቢኤምሲ ነው። የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ ሰርቨሩ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ነቅቶ ይቆያል። ዴል አይድራክ፣ ኤችፒኢ አይሎ ይሉታል፤ ሱፐርማይክሮም የራሱ አለው። ማብራት፣ ማጥፋትና ሙቀት ማንበብ ሁሉም ይችላሉ፤ የሚለያዩት በላይሰንስ ነው። በዴል የራክ ሰርቨሮች ስክሪኑን ከሩቅ ለማየት አብዛኛውን ጊዜ የኢንተርፕራይዝ ላይሰንስ ይጠየቃል። መደበኛው አይሎ ስክሪኑን የሚያሳይህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እስኪነሣ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አድቫንስድ ግዛ ይልሃል። ሱፐርማይክሮ ስክሪኑን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል፤ ባዮሱን በዚያ በኩል ለማደስ ግን ላይሰንስ ይፈልጋል። ስለዚህ ፕሮፎርማ ስታሰባስብ የላይሰንሱ ስም በጽሑፍ ይግባ። ያገለገለ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ ከመክፈልህ በፊት ገብተህ ላይሰንሱን በዓይንህ እይ።

ቢኤምሲ ለሌለው ማሽን አይፒ ኬቪኤም አለ። ከውጭ በኤችዲኤምአይና በዩኤስቢ ይሰካል፤ በራስቤሪ ፓይ ላይ የተሠራው ፓይኬቪኤም አንዱ ነው። ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ይሰጥሃል። የሜሞሪ ብልሽትንና የፋን ፍጥነትን ግን አይነግርህም፤ ማብሪያውን ለመጫንም ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ተጨማሪ ሽቦ ያስፈልገዋል። ጥሩ ቢኤምሲ ላለው ሰርቨር ትርፍ ወጪ ነው፤ ለሌለው ግን ባለውለታ ነው።

የቱንም ብትመርጥ፣ ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለሰዓታት ሲጠፋ፣ ዋናው ኔትወርክም ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀው መግቢያም አብረው ስለተዘጉ ኢንጂነሮች በአካል ወደ ዳታ ሴንተር መላክ ነበረባቸው። አንተም ቢኤምሲውን ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ስዊችና በአንድ የኢንተርኔት መስመር ካሰርከው አብረው ይወድቃሉ። የተለየ ስዊችና የተለየ መስመር፣ ሌላው ቢቀር የሞባይል ዳታ ራውተር ይኑረው።

በዚህ የሩቅ መግቢያ በር የገባ ሰው ሰርቨሩን ሊያጠፋም፣ ሌላ ሲስተም ሊጭንበትም ይችላል። በርህን ዝጋ፣ ጎረቤትህን ሌባ አትበል። ቢኤምሲዎች ከሩቅ የሚታዘዙበት የቆየው ደንብ፣ አይፒኤምአይ 2.0፣ የጠያቂውን ማንነት ሳያጣራ ከይለፍ ቃልህ የተሰላ ሃሽ አውጥቶ ይሰጣል፤ ጉድለቱ የደንቡ የራሱ ስለሆነ በፈርምዌር እድሳት አይድንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ተተኪው ሬድፊሽ ካለህ እሱን ተጠቀም፣ አይፒኤምአይን ዝጋው። በብዙ የሱፐርማይክሮ ቦርዶች ደግሞ የቢኤምሲው ኬብል ሳይሰካ ሰርቨሩ ከተነሣ፣ ቢኤምሲው በዝምታ ወደ ዋናው የኔትወርክ ፖርት ይዞራል። ያ ፖርት ኢንተርኔት ላይ ከሆነ በርህ ለዓለም ተከፈተ ማለት ነው፤ ቅንብሩን ከፌይልኦቨር ወደ ዴዲኬትድ ቀይረው። የዴል የቆየ መግቢያ፣ ሩት እና ካልቪን፣ በዓለም የታወቀ ነው። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት እንዳይሆንብህ፣ የይለፍ ቃሉን በገጠምክበት ቀን ለውጥ፤ መግቢያውንም ከቪፒኤን ጀርባ አድርገው።

ርክክቡ ላይ ከመፈረምህ በፊት ሰርቨሩን አጥፋውና ከቢሮ ውጣ። በሞባይል ዳታ ገብተህ አብራው፤ ባዮሱ ውስጥ ግባ፤ የአይኤስኦ ፋይል ከሩቅ አያይዘህ በእሱ አስነሣው። ሦስቱንም ካለፈ ፈርም፤ ካላለፈ የማንም ስም ትልቅነት አያስፈርምህ።